መልክእ ያልተደረሰለት ወንድ

የአማርኛን ዘፈን በትዕግሥት ለሚያደምጥ ሰው፣ ወንዱ ዘፋኝ ስለ ወደዳት ሴት የሚያዜመው ሁሉ ሊቃውንቱ ለቅዱሳን የደረሱትን መልክእ መምሰሉ አይሰወረውም፤ ከሥዕርተ ርእስ ጀምሮ ዓይኗን፣ ከንፈሯን፣ ጥርሷን፣ አንገቷንና ወገቧን ለየብቻቸው እያወደሰ እስከ እግሯ ጥፍር ይወርዳልና።

ሴቲቱ ስትዘፍን ግን የምትሻው ቃሉን የሚጠብቅ፣ ርቆ ሲሄድ የማይረሳ፣ ሲመለስም የማይዋሽ እውነተኛ ወዳጅ ስለ ሆነ፣ አልፎ አልፎ ቁመናውና ጀግንነቱ ካልተነሣ በቀር የቀረው አካሉ ሳይወሳ ይቀራል። ተረጋግጦ የሚታወቀው አለመምጣቱ ብቻ ነው። ሰውዬውን በምልክት ለመፈለግ የሚነሣ ቢኖር፣ ጠይም ይሁን ቀይ የሚመሰክርለት አያገኝም።

የሚያስደንቀውም ፍለጋው በደካማ እጅ የወደቀ አለመሆኑ ነው፤ ብዙነሽ በቀለ በክቡር ዘበኛ፣ ሂሩት በቀለ በፖሊስ ኦርኬስትራ ታጅበው፣ ይኸውም ከንጉሠ ነገሥቱ ጠባቂና ከጸጥታ አስከባሪው ጋራ ተሰልፈው ሲያዜሙ፣ ያንን አንድ ሰው ይዞ የሚያቀርብላቸው ጠፋ። በ1960ዎቹ፣ በደቂቃ 45 ጊዜ በሚዞረው ሸክላ፣ በፊተኛው ገጽ ያልመጣው ወንድ ሸክላው ቢገለበጥም አልመጣ። በዚህ ነገር ስብከነከን የሰሙኝ አክስቴ፣ «አይ ልጄ! ቢመጣማ በምን ይዘፈናል?» ብለው ወደ ጀበናቸው ተመለሱ።

እኔ ግን ሌላ ምክንያት እጠረጥራለሁ። የዚያን ዘመን ግጥም አብዛኛውን የሚደርሱት ወንዶች ስለ ነበሩ፣ ወንዱ እንዴት እንደሚናፈቅ ራሱ ጽፎ፣ ራሱ ለክቶ፣ ያለ አንዳች ኀፍረት በሴቲቱ አንደበት ሲናፈቅ ይሰማ ነበር፤ እንዲህ ያለ ምቹ ሹመት በቤተ መንግሥትም አልተገኘ። ክራሯን ይዛ ግጥሙን ከልቧ የምታፈልቀው አስናቀች ወርቁ ግን ለዚህ ሥርዓት አልተገዛችም፤ በእርሷ ዘንድ ናፍቆቱና ሽሙጡ ተዛንቀው ስለሚወጡ፣ የተጠራው ወንድ መወደሱን ወይም መነቀፉን ለማወቅ እንደ ቅኔ ተማሪ ሰሙን ከወርቁ ሲለይ ማምሸት ነበረበት። ብዙውን ግጥሟን ራሷ የምትደርሰው አስቴር አወቀም ድምጿን ሲቃ ሲይዘው፣ በአዲስ አበባም በዋሽንግተንም ያለ ወንድ ሁሉ «በደለኛው እኔ እሆንን?» እያለ ኅሊናውን ይመረምራል። መልኩ ግን አሁንም አልተነገረም።

ይህን ጉድለት ለማቃናት በማሰብ፣ አንድ የማውቀውን ወጣት የግጥም ደራሲ ስለ ወንድ ግንባር፣ ቢቻልም ስለ በራ፣ ለአንዲት ዘፋኝ መልክእ እንዲደርስላት በትሕትና ለመንሁት።

«ጋሼ፣ በራ እኮ አይዘፈንም» አለኝ።

ቤት መምቻ እንዳያጣ ተራራ፣ አዝመራ፣ ጮራ፣ አደራ እያልሁ ቆጠርሁለት። እርሱ ግን ዓይኑን ወደ ባርኔጣዬ አንሥቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ፣ የቡናዬን ሒሳብ ጭምር ከፍሎ፣ በብዙ አክብሮት እጅ ነሥቶኝ ሄደ።