የውሻ እድር

አዲስ አበባ ውስጥ አጥር የሚታጠረው ለሰው ነው። ውሻው ከቆርቆሮውና ግንቡ አናት ላይ ከተሰካው የጠርሙስ ስባሪ ጋር አብሮ የሚቆጠር የአጥሩ አካል ነው። ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይፈታል፣ ሌሊቱን ከሰፈሩ ውሾች ጋር ሲጯጯህ ያድራል። ጎረቤት ቅር አይለውም፤ እንዲያውም ውሻው ዝም ያለ ለት ነው የሚደነግጠው። በሩ ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ተብሎ ይጻፋል። ኃይለኛው ውሻ ብዙ ጊዜ የለም። ካለም እንግዳውን ጭራውን እየቆላ እስከ ሳሎን የሚሸኝ ነው።

እኔ በምኖርበት በሰሜን ቨርጂኒያ ነገሩ ተገልብጧል። የቤቶቹ ፊት አጥር የለውም፣ የኔ ሣር የት አብቅቶ የጎረቤቴ እንደሚጀምር የሚያውቀው ሣር አጫጁ ብቻ ነው። አጥር የሚጠየቀው ለውሻው ነው። በማሰሪያ ካልተያዘ ከቤት አይወጣም፤ ፈትቼ ላስሩጠው ያለ ሰው የታጠረ የውሻ ፓርክ ይፈልጋል። የዚህ ዓይነቱ ፓርክ ቀዳሚ ተደርጎ የሚጠቀሰው በ1979 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ካሊፎርኒያ በርክሌይ ውስጥ የተከፈተው ኦሎኒ ነው። የኛ አርሊንግተን ካውንቲም ሺርሊንግተን ላይ በፎር ማይል ረን ወንዝ ዳር አንድ ትልቅ አላት፤ ውሾቹ ወንዙ ውስጥ ይንቦጫረቁና ባለቤቶቻቸው መኪና ውስጥ ገብተው ይራገፋሉ። እሱ ይርቀናል ተብሎ ነው እንግዲህ ለሰፈራችን ሌላ ይሠራ የተባለው።

እኛም ውሻ አለን። ልጆቹ ቀላ ያለ ስለሆነ «በርበሬ» አሉት። በውሻ ፓርክ ዓለም የሰው ስም የሚጠይቅ የለም፤ የሉና እናት፣ የማክስ አባት እየተባባሉ ዓመት ይከርማሉ። እኔም የበርበሬ አባት ነኝ። ለጥየቃ የመጡት አማቴ ይህን የሰሙ ቀን ቡናቸውን አስቀመጡ። «ሦስት ልጅ እያለህ?» አሉኝ።

ምሽት ላይ ስለ ፓርኩ የሰፈሩ ስብሰባ ሲጠራ እሳቸውንም ይዤ ሄድኩ። ለተቃውሞ የተነሣ ሰው ሁሉ «እኔ ውሻ እወዳለሁ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ከዚያ «ግን» ይመጣል፤ ጩኸቱ፣ ሽታው፣ የመኪና ማቆሚያው፣ የቤት ዋጋው። አንድ ሽማግሌ ከመኝታ ቤታቸው መስኮት አጥሩ እስከሚታጠርበት ቦታ ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለክተው አምጥተዋል። አንዲት ሴትዮ ደግሞ ለማስረጃ የቀዳችውን የውሻ ጩኸት ከስልኳ ከፈተችው። ከኋላ ወንበር ሥር ተኝቶ የነበረ ውሻ ብድግ ብሎ መለሰለት። ስልኩ ጮኸ፣ ውሻው መለሰ፤ ሰብሳቢው ተራ ማስያዝ አቃተው።

የካውንቲው ባለሙያ የፓርኩን ንድፍ ዘረጋች። ቦታው ከ10,000 ካሬ ጫማ እንዳያንስ ደንቡ ያዛል አለች። «በኛ ስንት ነው?» አሉ አማቴ። ወደ 930 ካሬ ሜትር ይሆናል አልኳቸው። «930 ካሬ! ለውሻ!» ድምፃቸው አዳራሹን ሞላው። አዲስ አበባ በ75 ካሬ ቦታ ወንድማማቾች ፍርድ ቤት ሲመላለሱ ያዩ ሴት ናቸው፤ አልፈርድባቸውም።

እኔን የገረመኝ በሩ ነው። በሩ ድርብ ነው። የውጪውን ከፍተህ ትገባለህ፣ ትዘጋለህ፣ ጠባቧ ክፍል ውስጥ ማሰሪያውን ትፈታለህ፣ ከዚያ የውስጡን ትከፍታለህ፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው አያመልጥም። ማሰሪያውን እዚያው መፍታቱ በከንቱ አይደለም። የታሰረ ውሻ በተፈቱት መሃል ሲገባ መሸሻ እንደሌለው ያውቃል፣ ጠቡም ከዚያ ይነሣል። በሩ ጥግ ላይ እንዳይሆንም ይመከራል፤ ነባሮቹ አዲስ ገቢ ሲመጣ ተሰብስበው ስለሚቀበሉት የሚበተኑበት ቦታ ያስፈልጋቸዋል። ለትንንሾቹ የተለየ ክልል አለ። ይህን ያህል የታሰበበት አቀባበል እኔ ራሴ አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ አላገኘሁም።

ሣሩ ላይ ግን ስምምነት ጠፋ። ውሻ የሸናበት ሣር ይቃጠላል፣ ያልሸናበትን ደግሞ በሩጫ ይጨርሰዋል። የእንጨት ፍቅፋቂ ይበሰብሳል፤ ሰው ሠራሹ ሣር በሐምሌ ፀሐይ ይግላል፣ ካልታጠበም ይሸታል። ስለ ክትባት ማንም አልተከራከረም፤ በቨርጂኒያ 4 ወር የሞላው ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትና ፈቃድ ሊኖረው ግድ ነው።

ጩኸቱ እንደገና ሲነሣ አማቴ ጎሸም አደረጉኝ። «ውሻ እኮ የሚጮኸው በሚያየው ነው። አላፊ አግዳሚውን እንዳያይ አጥሩን በቆርቆሮ ይጋርዱታ! ንገራቸው።» ነገርኩ። ባለሙያዋ ፊቷ በራ፤ ቆርቆሮውን በቁጥቋጦ ቀይራ መዘገበችው። ማስመሪያ ይዘው የመጡት ሽማግሌ ዞር ብለው ለአማቴ እጅ ነሡ።

መጨረሻ ላይ የመጣው ነው አዳራሹን ጸጥ ያደረገው። ካውንቲው መሬቱን ቢሰጥም ፓርኩን ስፖንሰር የሚያደርግ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ይፈልጋል። ጽዳት የሚያስተባብር፣ ፌስታል እንዳያልቅ የሚከታተል፣ ሲጣሉ የሚያስታርቅ (ውሾቹን ሳይሆን ባለቤቶቹን)። ሁለት ሰዓት ሙሉ እጁን ሲያወጣ የነበረ ሰው ሁሉ ጫማውን ማየት ጀመረ።

«ምን አሉ?» አሉ አማቴ። ነገርኳቸው።

«እድር ነዋ! ለዚህ ነው እንዲህ የጨነቃቸው?» ብለው ክንዴን ይዘው ወደ ላይ አነሡት።

እኔ ከሀገር ስወጣ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነበርኩ፤ ከወጣሁባቸው ምክንያቶች አንዱ እሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እጄን ከአማት እጅ መንጠቅ ደግሞ ነውር ነው። አዳራሹ አጨበጨበ። ሰብሳቢው ስሜን ሊጽፍ ብዕሩን አነሣ፣ ግራ ቀኙን ጠየቀ፣ የሚያውቀው አልተገኘም። ሰሌዳው ላይ «ሊቀመንበር፦ የበርበሬ አባት» ተብሎ ተጻፈ።

መኪና ውስጥ አማቴ በሥራ መንፈስ ላይ ነበሩ። «መዋጮው በወር ስንት ይሁን ትላለህ? ቀብር የቀረስ ስንት ይቀጣል?» አሉኝ።

ደንቡ ገና አልተረቀቀም አልኳቸው። ወረቀትና እስክሪብቶ እቤት እንዳለ ጠየቁኝ።