የሳሎን ግራር

ባቡሩን ተዉት። ባቡር ይገዛል፣ ወይ ዘመድ ይልከዋል፤ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ክቡን ይዞራል፣ አለቀ። ሰውን ከጎረቤት የሚያነጋግረው ዛፉ ነው። «ደግሞ የምን ዛፍ?» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ ባለቤቴም ስንት ጊዜ ብላዋለች። ቡናው እስኪፈላ ታገሡኝና ከሥሩ ላውጋችሁ፤ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ አይደል የሚባለው።

የእህቴ ልጅ ጀርመን ነው ያለው። ሃምቡርግ ውስጥ ከተማው፣ ተራራው፣ አውሮፕላን ማረፊያው ሳይቀር በጥቃቅኑ ተሠርቶ ባቡር ሲርመሰመስበት የሚውል ሚኒያቱር ቩንደርላንድ የሚባል ቤት አለ። እዚያ ገብቶ ሲወጣ እኔ ትዝ አልኩት፤ «አጎቴ የባቡር ነገር አይሆንለትም» ብሎ አንድ ካርቶን ሙሉ ላከልኝ። እውነቱን ነው፣ አይሆንልኝም። ልጅ ሆኜ ለገሃር ወስደው ድሬዳዋ የሚሄደውን ባቡር ካሳዩኝ ጀምሮ ልቤ እዚያው ቀርቷል። ሀዲዱ ከጅቡቲ መዘርጋት የተጀመረው በ1897፣ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 (ሁሉም በፈረንጆቹ) መሆኑን ቤት ውስጥ የማያውቅ የለም፤ እንግዳም ቢመጣ ሳያውቅ አይወጣም።

እንግዲህ ካርቶኑ ተከፈተ። ሎኮሞቲቩ አለ፣ ፉርጎዎቹ አሉ፣ ሀዲዱ አለ፣ በላስቲክ የታሸጉ ዛፎችም አሉ። ዛፎቹ የገና ዛፍ ናቸው። እኔ ጣውላው ላይ ልሠራ ያሰብኩት በዚያ በድሮው ሀዲድ ላይ ያለውን ሚኤሶን ነው፤ ቆላውን፣ አቧራውን። ሚኤሶ ጣቢያ በር ላይ የገና ዛፍ ተገትሮ ዝም የሚል ሰው ካለ እሱ እኔ አይደለሁም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ በቃ ግራር ሊሠራ ሆነ።

አሠራሩ ሲያወሩት ቀላል ነው። ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ ቀጫጭን የመዳብ ሽቦ ታወጣለህ፤ ብዙውን አንድ ላይ ይዘህ በፒንሳ ትጠመዝዘዋለህ፣ ግንድ ይሆናል። ትንሽ ከፍ ሲል ለሁለት ከፍለህ ትጠመዝዛለህ፣ ሁለቱን ለአራት፣ እንዲህ እያልክ ጫፉ ላይ ነጠላ ሽቦ እስኪቀር። ከዚያ ኮላ በደቃቅ ሰጋቱራ ለውሰህ ትቀባዋለህ፣ ቅርፊት ይሆናል። ሲደርቅ ግራጫ ቀለም። ለቅጠሉ ስፖንጅ ትፈጭና ቀለም ትነክረዋለህ፤ ቅርንጫፉ ላይ የፀጉር እስፕሬይ ነፍተህ እላዩ ትበትንበታለህ። ስፖንጁ በምን እንደተፈጨና እስፕሬዩ የማን እንደነበር እዚህ ላይ ባናነሳው ለሁላችንም ይሻላል።

ልኩ አንድ ለሰማንያ ሰባት ነው። 1 ሜትር ከ74 የሆነ ሰው ሁለት ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ስምንት ሜትር ከሰባ የሆነ ግራር አሥር ሴንቲ ሜትር። ሒሳቡን አሳምሬ ሠራሁ። ዛፉ ሲያልቅ ትንሿ ልጄ መጥታ ዙሪያውን አየችና «አባዬ፣ ዣንጥላውን ማን ሰበረው?» አለች።

ነገሩ የጫፉ ቅርንጫፍ ነው። ሽቦ የቱንም ያህል ቢቀጥን ጫፉ ሽቦ ነው። የሠለጠኑት ሰዎች ለዚህ የደረቀ የዱር ሣርና ጭራሮ እንደሚጠቀሙ ካወቅሁ በኋላ ዓይኔ ተበላሸ። መንገድ ስሄድ ሰው አላይም። ሰላምታ የነሳኋችሁ ካላችሁ ተቀየሙኝ፣ ግን ያኔ የማየው ከጀርባችሁ ያለውን ቁጥቋጦ ነበር።

እንደዚህ ሆኜ ነው እንግዲህ ባለቤቴ ሽንኩርት ግዛ ብላ የላከችኝ። ወጥ ተጥዷል፣ ሽንኩርት አንሷል፣ ቶሎ በል። ወጣሁ። አስፋልቱ ዳር አዲስ የተተከለው አትክልት ውስጥ አንድ ስሙን የማላውቀው ቁጥቋጦ አበባው ደርቆ፣ አገዳው ብቻ ቀርቶ፣ እንዲያው ማን ሠራው የሚያሰኝ ሆኖ ቆሟል። ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ላይ፣ ጫፉ ከፀጉር የቀጠነ። ኪሴ ውስጥ ደግሞ የጥፍር መቀስ አለች። (አዎ፣ ይዤ ነው የምዞረው።) ተንበረከክሁ። ቆሜ ብቆርጥ እኮ ሰው ልብ አይለኝም ነበር።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

ጥበቃው ነው። ወጣት ልጅ፣ ትሑት፣ ዱላውን እንኳ ከኋላው የደበቀ። ውሸት ባውቅበት ኖሮ ለመድኃኒት ነው እል ነበር፣ ሰው ለመድኃኒት ያዝናል። እኔ ግን «ዛፍ ልሠራ ነው» አልኩት።

ልጁ አሰበ። ስልኩን አውጥቶ አለቃው ጋ ደወለ፤ ድምፁ ለመንገደኛው ሁሉ ይሰማል።

«አንድ ሰውዬ አትክልት ሲቆርጥ ይዣለሁ።»

«ለምን ቆረጠ?»

«ዛፍ ልሠራ ነው ይላል።»

«ዛፍ ቆርጦ ዛፍ?»

«አዎ። ትንንሽ ዛፍ ነው አለኝ።»

ዝም አለ አለቃው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግን ሁላችንም እየሰማነው፣ «ቤተሰብ አለው?» ብሎ ጠየቀ።

ሰው ተሰበሰበ። የቆሎ ሻጯ መጣች፣ ሊስትሮው መጣ፣ ከዘራ የያዙ አንድ ሽማግሌ መጡ። ራሴን ለማዳን ስልኬ ላይ ያለውን የግራሬን ፎቶ አሳየሁ። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት ብዬ አልናዘዝም፣ ሌላ ምን ላደርግ? ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የባቡር ፎቶ ብሰጣቸው «ያምራል» ብለው ይመልሱልኝ ነበር። ዛፍ ግን ሁሉም አይቷል። ቆሎ ሻጯ «በዛ አረንጓዴው» አለች። ሊስትሮው «ጎመን ነው እንዴ?» አለ።

ጥበቃው ስልኩን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ አየው። «ጋሼ፣ የት ያለ ግራር ነው ይሄ?»

«የሚኤሶ።»

«እኔ ሚኤሶ ነው ያደግሁት።»

መሬት ብትከፈት ምን ነበረበት! ልጁ ዱላውን መሬት ላይ አስደግፎ ያስተምረኝ ጀመር። ግራር አንድ ግንድ ብቻ አይኖረውም፣ ብዙው ከሥሩ ሁለት ሦስት ሆኖ ነው ተንጋዶ የሚወጣው። ቅጠሉ ይሄን ያህል አረንጓዴ አይደለም፣ አቧራ የለበሰ ነው። ደግሞ ከታች ቅጠል ምን ያደርጋል? ግመል አፉ እስከሚደርስበት በልቶ በልቶ ከሥር በቢላ የተቆረጠ ያስመስለዋል። «የእርስዎን ግመል አላየውም» አለኝ። በልቤ አሰላሁ፤ ግመል አንገቱን ሰቅሎ ሦስት ሜትር ቢደርስ፣ በእኛ ልክ ሦስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። እዚያ ድረስ ቅጠል መኖር የለበትም። ስንት ዛፍ ደረደርኩ፣ አንዱንም ግመል አልነካውም።

ሽማግሌው ደግሞ መነጽራቸውን አድርገው የሚያዩት ዛፉን አይደለም፣ ፎቶው ውስጥ ያለውን ሀዲድ ነው። «ልጄ፣ እኔ ባቡር ነበርኩ» አሉ። የምድር ባቡር ጡረተኛ ማለታቸው ነው። «ይሄ ሀዲድ የኛ አይደለም። የኛ አንድ ሜትር ነው፤ ይሄ ሰፊው ነው።» ልክ ናቸው። የጀርመኑ ሀዲድ ስፋቱ 16.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ያ በ87 ሲባዛ የሚሰጠው በ2016 (በፈረንጆቹ) የተመረቀውን የአዲሱን የኤሌክትሪክ ባቡር ሀዲድ ነው እንጂ የድሮውን አይደለም። ለድሮው 12 ሚሊ ሜትር የሚሆን ሌላ ዓይነት ይሠራል። ይህንን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ሰው አያውቅም ብዬ ነው።

ፍርዱም ተሰጠ። አለቃው በስልክ፣ ቅጣት ከምንጽፍበት ውሃ ያጠጣ አለ። ጎማውን ተቀበልኩ። እኔን ነው የምላችሁ፣ ባለ ኮት ሰውዬ፣ ሣሩን ከጥግ እስከ ጥግ። የሰፈሬ ሰው በሙሉ በዚያች ሰዓት በዚያ መንገድ የሚያልፍበት ጉዳይ ነበረው። «ሥራ ቀየርክ እንዴ?» ይላል አንዱ። ሌላው በአክብሮት ባርኔጣውን ያነሳል፣ እሱ ይብሳል። ውሃው ጫማዬ ገባ። ልጁ አጠገቤ ቆሞ «እዚያ ጋ ደረቅ ቀርቷል ጋሼ» ይለኛል፣ በትሕትና።

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ከጫማዬ እስከ ራሴ አየችኝና ስለ ዛፍ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። «ሽንኩርቱስ?» አለች።

ልጁ ሲለቀኝ የቆረጥኳትን ጭራሮ መልሶ ሰጥቶኛል፤ አሁን ጣቢያው በስተቀኝ ሁለት ግንድ አውጥታ፣ ከሥሯ ተበልታ፣ አቧራ ለብሳ ቆማለች። እናንተ ዘንድ የድሮው ሚኤሶ ጣቢያ ፎቶ ካለ ግን እባካችሁ አሳዩኝ፤ ዛፉ ከየት በኩል እንደነበር ላረጋግጥ። ስለ ሀዲዱ ስፋት የሚያነሳብኝ ሰው ግን እንዳይመጣ።