ቀን የተጻፈበት ጩኸት

ዋሽንግተን ዲሲ መሀል ከተማ በሚገኘው የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት በ2014 የተቋቋመ አንድ የፓንክ ሙዚቃ መዛግብት ስብስብ አለ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በውስጡ የተከማቸው የፕሬዚዳንቶች ደብዳቤ እንዳይመስላችሁ። ጎረምሶች በእስክሪብቶ ሞነጫጭረው፣ በመቀስ ቆራርጠው፣ በሙጫ ለጣጥፈው በፎቶ ኮፒ ያባዟቸው ወረቀቶች፣ በየምድር ቤቱ የተቀዱ ካሴቶችና የኮንሰርት ማስታወቂያዎች ናቸው። ትምህርት ቤቱ፣ ፖሊሱ፣ መንግሥቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተራ በተራ ተሰድቦባቸዋል። እንዲህ ያሉ ስብስቦች ደግሞ ደንባቸው የታወቀ ነው፤ እስክሪብቶ ክልክል ነው፣ በእርሳስ ብቻ ይጻፋል፣ ወረቀቱ በቀስታ ይገለጣል። «ሥርዓት ይፍረስ» የሚለውን ጽሑፍ ለማንበብ ሥርዓት መያዝ ግድ ሆነ ማለት ነው። ይባስ ብሎ ቤተ መጻሕፍቱ በምድር ቤቱ የፓንክ ኮንሰርት ማዘጋጀት ጀመረ። «ጸጥታ ይከበር» የሚለው ማሳሰቢያ በዚያን ቀን የት እንደሚገባ እንጃ።

ሃርድኮር ፓንክን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፣ ጊታሩ ይጮኻል፣ ከበሮው የሚያሳድደው ያለ ይመስል ይሮጣል፣ ዘፋኙ ይቆጣል፤ ምን እንዳስቆጣው ሳንሰማ ዘፈኑ ያልቃል። ማይነር ትሬት የተባለው የዲሲ ባንድ ስሙን በዓለም ያስጠራው «ስትሬይት ኤጅ» የተሰኘ ዘፈን ርዝመቱ 46 ሰከንድ ነው። በ46 ሰከንድ የእኛ ማሲንቆ ተቃኝቶ አያልቅም። ስለ እነዚህ ልጆች በ2001 የታተመው «ዳንስ ኦቭ ዴይስ» የተባለው መጽሐፍ ግን ከ400 ገጽ በላይ ነው። ጥድፊያቸውን ተረጋግቶ የሚተርክ ሰው አላጡም።

ነገሩ የተጀመረው በሲጋራ ሣጥን ነው። ቲን አይድልስ የተባለ የአራት ልጆች ባንድ በአንድ ዓመት ዕድሜው ያገኘውን ገንዘብ ሳይካፈል በሣጥን ሲያጠራቅም ቆይቶ 600 ዶላር ገደማ ደረሰለት። በ1980 መጨረሻ ባንዱ ፈረሰ። ሌላ ሰው ቢሆን ገንዘቡን ለአራት ተካፍሎ፣ በአከፋፈሉም ተጣልቶ ይለያይ ነበር። እነዚህ ግን ለሞተው ባንዳቸው 8 ዘፈን በያዘ ትንሽ ሸክላ ተስካር አወጡለት። ያሳተሙት 1,000 ቅጂ ነበር። የባንዱ አባላት ኢያን ማካይና ጄፍ ኔልሰን ከጓደኞቻቸው ጋር ዲስኮርድ ሪከርድስን የመሠረቱት ይህንኑ ለማሳተም ነው። የሸክላ ሽፋን እንዴት እንደሚሠራ ስለማያውቁ አንድ የተገዛ ሸክላ ልባሱን ፈትተው ቅርጹን ነደፉ፤ ከዚያ ጓደኛ ሁሉ ተሰብስቦ በመቀስ እየቆረጠ፣ እያጠፈ፣ በሙጫ እየለጠፈ ያስተካክል ጀመር። ዓለምን ሊያፈርስ የተነሣ ወጣት ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ወረቀት በልኩ ሲያጥፍ አስቡት።

በሽፋኑ ላይ የወጣው ፎቶ ሁለት የተጠላለፉ ክንዶችን ያሳያል፤ በእጆቹ ጀርባ ላይ ጥቁር የኤክስ ምልክት አለ። ምልክቱ የበረኛ ሥራ ነበር፤ ለመጠጥ ያልደረሰ ልጅ ሙዚቃውን ይስማ፣ ቢራ ግን እንዳይቀዳለት ተብሎ እጁ ላይ የሚጻፍ። ሸክላው ሲዞር ምልክቱም አብሮ ዞረ፤ በየአገሩ መጠጥና ሲጋራ የማይነኩ ወጣቶች በራሳቸው ማርከር እጃቸው ላይ ያሰምሩት ጀመር። የቡና ቤት ደንብ የአንድ ወገን ቃል ኪዳን የሆነው ፎቶ ያነሣ ሰው ስለነበረ ነው።

ዲስኮርድ ከሙዚቀኞቹ ጋር ውል አይፈራረምም። ትርፉን ከባንዱ ጋር ይካፈላል፤ ሒሳቡን ግን እስከ ዛሬ ይጽፋል፣ ይከፍላል። የሕግ ባለሙያ ሳይኖር ክፍያ የሚፈጽም፣ ወረቀት ሳይፈርም ወረቀት የማይጥል አመፀኛ ማየት ብርቅ ነው። የኢያን አባት የዋሽንግተን ፖስት የሃይማኖት ጉዳዮች ጸሐፊ ነበሩና የወረቀት ፍቅር በቤት ውስጥ ሳይወረስ አይቀርም።

ወደ ዚኖቹ ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። ዚን ማለት አንድ አፍቃሪ ያለ አለቃ፣ ያለ አራሚ፣ ብዙ ጊዜም ያለ ሰዋስው የሚያወጣው በስቴፕለር የተሰፋ መጽሔት ነው። ጸሐፊው የአንዱ ባንድ ከበሮ መቺ፣ ቃለ መጠይቅ የተደረገለት የዚያው ባንድ ጊታር መቺ፣ ሂስ የጻፈችው የዘፋኙ ጓደኛ ናት። ሂሱም በዚያው ልክ ሚዛናዊ ነው። ማተሚያ ቤቱ የታወቀ ነው፤ አለቃው ወደ ቤት ከሄደ በኋላ የቢሮ ፎቶ ኮፒ ማሽን። በ1991 የሴት ፓንኮችን እንቅስቃሴ ያቀጣጠለችው «ራየት ገርል» የተባለች ትንሽ ዚን የተባዛችው በአንድ የኮንግረስ አባል ቢሮ ማሽን ነበር። መንግሥትን የሚነቅፍ ጽሑፍ በመንግሥት ወረቀትና በመንግሥት ቀለም ሲወጣ ከዚህ በላይ የፕሬስ ነጻነት የት አለ?

የመዛግብት ባለሙያዎቹን የሚያስለቅሳቸው ግን ሌላ ነው። የኮንሰርቱ ማስታወቂያ «ዓርብ ማታ፣ 14» ይላል፤ ቦታው አለ፣ የባንዶቹ ስም አለ፣ መግቢያው ስንት እንደሆነ አለ። ዓመተ ምሕረት የለም! ዓለም በሚቀጥለው ሳምንት በኑክሌር ቦምብ ትጠፋለች ብሎ የሚያምን ልጅ ዓመት ለማን ብሎ ይጽፋል? ዛሬ ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ባለሙያ የድሮ ካላንደር ዘርግቶ፣ 14ኛው ቀን ዓርብ የዋለበትን ወር እየፈለገ፣ «ይህ ባንድ ያኔ ከበሮ መቺውን ቀይሮ ነበር ወይስ አልቀየረም?» እያለ ይመራመራል። የአባቶቻችን የባሕረ ሐሳብ ሊቅ ቢኖር በደቂቃ ይገላግለው ነበር።

ቀረጻውም የራሱ ጉድ አለው። የከተማው ጩኸት አብዛኛው የተቀዳው አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ዶን ዚየንታራ የተባለ ሰው በመኖሪያ ቤቱ ምድር ቤት በከፈተው ኢነር ኢር ስቱዲዮ ነው። ባድ ብሬንስ የተባለው ባንድ በ1979 እዚያ የቀዳው ሥራ «ብላክ ዶትስ» ተብሎ ለገበያ የወጣው በ1996 ነው። በጥድፊያ የሚያልቅ ዘፈን 17 ዓመት መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ! ስቱዲዮው ኋላ ወደ ሰፊ ሕንፃ ተዛወረ። በ2021 ግን የአካባቢው አስተዳደር ሕንፃውን ገዝቶ ለማፍረስ ስለወሰነ ተዘጋ። ለምን ይፍረስ ቢባል፣ ቦታው ለኪነ ጥበብ መንደር ተፈልጎ ነው። ለጥበብ ቦታ ለማስለቀቅ ጥበብን ማስነሣት አዲስ አበባ ብቻ የሚደረግ ለሚመስለን ሰዎች ጥሩ ማጽናኛ ነው።

በዚህ ሁሉ ግርግር መካከል ቀን የጻፈው ፉጋዚ ነው። ይህ ባንድ ከ1987 እስከ 2003 ሲሠራ 1,000 ያህል ኮንሰርት አሳይቶ ከ800 በላዩን ቀድቷል። በ2011 ቅጂዎቹን ከነቀናቸው፣ ከነከተማቸውና ከነአዳራሻቸው ለሕዝብ ማቅረብ ጀመረ። ዋጋው 5 ዶላር ነው ተባለ፤ የቸገረው 1 ዶላር፣ የተረፈው እስከ 100 ይክፈል። ባንዱ የመግቢያ ዋጋውም 5 ዶላር ገደማ ነበር። በተደባዳቢዎች ላይ ደግሞ ትዕግሥት አልነበረውም፤ ሰው የሚረግጥና የሚገፋ ጎረምሳ ሲገኝ ዘፈኑ ይቆማል፣ 5 ዶላሩ በፖስታ ታሽጎ ይመለስለታል፣ ወደ ውጭ ይሸኛል። ይህ ሁሉ ተቀድቷል። ስለዚህ ዛሬ አንድ የተከበረ የቤተሰብ አስተዳዳሪ ከ30 ዓመት በፊት በመድረክ የደረሰበትን ተግሣጽ፣ ከነቀኑ፣ በ5 ዶላር ገዝቶ ለልጆቹ ማሰማት ይችላል።

ይህ ቀረጻ የሚያሳፍረው ሌላም ወገን አለ። ስለ ዲሲ ፓንክ ከተነሣ «ያን ምሽት እኔም ነበርኩ» የማይል ባለ ሽበት የለም። ሁሉም ከነበረ አዳራሹ የእግር ኳስ ሜዳ መሆን አለበት። ቴፑ ግን አያፍርም፤ ዘፈኑ ሲያልቅ የሚሰማው የጥቂት ሰዎች ጭብጨባ ነው፣ ከኋላ አንድ ሰው ያስላል። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይባላል፤ እዚህ ግን መላውን ቴፑ ይጨምራል።

ሰብሳቢዎቹንም ሳንታዘብ አንለፍ። ሸክላው ሲወጣ ማንም ልጅ በኪስ ገንዘቡ እንዲገዛው ነበር። ንግድን ለመቃወም የተሠራው ያ በእጅ የታጠፈ ሽፋን ዛሬ በመቶዎች ዶላር ይሸጣል፤ ገዢውም በላስቲክ ሸፍኖ ያስቀምጠዋል እንጂ አያጫውተውም። መርፌው ይጭረዋል! ዓለም ሁሉ እንዲሰማው የተጮኸ ጩኸት በመጨረሻ ያገኘው ጌታ እንዳይሰማ የሚጠነቀቅለት ሆነ።

እኛስ በዚህ ታሪክ የት ነበርን? በጣም ቅርብ ነበርን። ባድ ብሬንስ በአዳምስ ሞርገን 18ኛው ጎዳና ማዳምስ ኦርገን በተባለ የአርቲስቶች ቤት ሲጫወቱ፣ የኛ ሰዎች ከደርግ ሸሽተው ወደዚያው ከተማ ይገቡ ነበር፤ በ1980ዎቹም በዚያው ጎዳና ምግብ ቤት መክፈት ጀመሩ። ባድ ብሬንስ ራስ ተፈሪያን ሆነው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ይምሉ ነበር። በ1982 በካሴት ያወጡት አልበም ሽፋን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ቀለም ይዞ፣ በኮንግረሱ ሕንፃ ጉልላት ላይ መብረቅ ሲወርድ ያሳያል። እንግዲህ ታዘቡ፤ ንጉሡን ካወረዱት ሸሽቶ የመጣው ሰው ሽሮ ሲያማስል፣ ጥቂት በሮች አልፎ ያለው ጎረምሳ ንጉሡን በሙሉ ፍጥነት ያወድሳል። የእኛ ሰው ቢሰማ «ልጄ፣ ቀስ በል» ሳይል አይቀርም፤ ግን ማን ቀድቶት ይነግረናል?

ቀጂ አልነበረንም እንዳይባል ደግሞ ነበረን። አምሃ እሸቴ በ1969 አዲስ አበባ ላይ፣ ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ አዋጁን ተጋፍተው በራሳቸው ስም ማሳተም ጀመሩ። ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎች አወጡ። ያለ ፈቃድ፣ በራስ ገንዘብ፣ የከተማን ድምፅ ለማስቀረት፤ ፓንኮቹ ገና ትምህርት ቤት ሳሉ አምሃ ሥራውን ሠርተውታል። በ1975 ተሰደው አሜሪካ ገቡ፣ እዚያው ዋሽንግተን ላይ ብሉ ናይል ምግብ ቤትንና አይቤክስ ክለብን ከፈቱ። ሥራቸው በ1997 «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ እንደገና ለዓለም ሲወጣ ያዘጋጀው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነው። የራሳችን ዘፈን የወጣበትን ቀን ለማወቅ የፈረንጅ ማብራሪያ ስናገላብጥ ያላየን የለም።

ኢያን ማካይ በ2013 በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተጋብዞ ስለ ሰነድ አያያዝ ተናገረ፤ በጉልላቱ ላይ መብረቅ ሲያወርዱ የነበሩት ልጆች ጓደኛ ማለት ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚለውን ተረት የፈጠርነው እኛ ነን፤ የተገበሩት ግን ጸጉራቸውን የተላጩት ሆኑ። እኛ የሦስት ሺህ ዓመት ታሪክ እንተርካለን፣ በየአልጋው ሥር ባለው ካርቶን ውስጥ ግን የአይቤክስን ምሽት ይሁን የአክስታችንን ሠርግ የማይታወቅ ካሴት ተኝቷል። ጀርባው ላይ የተጻፈው «ልዩ ልዩ ቁጥር 2» ነው። ቁጥር 1 የት ገባ? ማን ዘፈነ? የት፣ መቼ? መልሱን የሚያውቁት ጋሼ ዛሬም በሕይወት አሉ፣ ስልካቸውም ይሠራል። ደውሉላቸውና ቀኑን ጻፉበት፤ ዓመተ ምሕረቱን አደራ።