ጽጌን የጾመ ሰው

ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ላይ ጾመኛውን ለመለየት አትድከሙ፤ ራሱ ይነግራችኋል። ቅቤ ተራ ሲደርስ ነጠላውን ወደ አፍንጫው ይስባል። ከንጋት በፊት ተነሥታ በእግሯ የመጣችውን ባለቅቤ ደግሞ፣ «እናቴ፣ በአርብ ቀን ቅቤ?» ብሎ ይገሥጻል። እሷም ጾማ ነው የዋለችው፤ አላወራችውም እንጂ።

ረቡዕና አርብማ የሁሉም ነው፤ ምን ያስከብራል? ሁዳዴንም 55 ቀን ሙሉ አገሩ አብሮት ይጾማል። የሱ ኩራት ጽጌ ናት። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የምትጾም የፈቃድ ጾም፤ ግዴታ ስላልሆነች ለወሬ ትመቻለች። ቡና ሲቀርብለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «እኔ ኃጢአተኛው እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም» ይላል። «ኧረ እርስዎማ ጻድቅ ነዎት!» የሚል ካልተገኘ ኃጢአተኛነቱን ይደግማል። አንድ ሞኝ «እውነትዎን ነው» ያለ ዕለት ግን ጠብ ነው።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ቀራጩን እያየ የተመጻደቀው ፈሪሳዊም በሳምንት ሁለት ቀን ይጾም ነበር። እኛ ቀኑን ቀየርነው እንጂ ቁጥሩ ያው ነው።

ድጓ ሊያስመሰክር ወደ ጋይንት ቤተልሔም የሚያቀና የቆሎ ተማሪ ደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፣ የኛ ጻድቅ ከውስጥ ዳዊት እየደገመ ነው። ድምፁን ከፍ ያደርጋል። በሩን አይከፍትም፤ 150 መዝሙር የሚጠብቀው ሰው ለቁራሽ እንጀራ ጊዜ ከየት ያመጣል?