የሳጥኗ አሽከር

ሲጋራ ለማቆም ሰው ብዙ ነገር ይሞክራል። ማስቲካ የሚያኝክ አለ፣ ክንዱ ላይ ፕላስተር የሚለጥፍ አለ፣ ጠበል የሚገባ አለ። እኔ እንጨት ገዛሁ።

እንጨት ስል ማገዶ እንዳይመስላችሁ። ከዋልነት በእጅ የተፈለፈለች፣ ማዕዘኖቿ ሊያልቅ እንደቀረበ ሳሙና የለሰለሱ፣ መዳፍ ውስጥ የምትገባ ሳጥን ናት። ቬፖራይዘር ይሏታል። ባትሪ የላት፣ ሽቦ የላት፣ ከስልክ ጋር የሚያገናኛት ነገር የላትም። በአንድ ወገኗ አጭር የመስታወት ቱቦ ብቅ ብሏል። ወደዚያ የቶርች ላይተር ነበልባል አስጠግቼ በሌላው ወገን እስባለሁ። አየሩ የነበልባሉን ግለት ይዞ ይገባል፣ መሃል ወንፊት ላይ የተኛውን ቅጠል ሰንጥቆ ያልፋል፣ ቅጠሉ ሳይነድ ዘይቱ ብቻ ተንኖ አፌ ይደርሳል። እሳቱ ቅጠሉን አይነካውም። ማለቴ፣ ሰውየው ባለሙያ ከሆነ አይነካውም።

እኔ ባለሙያ ለመሆን ሁለት ወር ፈጀብኝ። ሲጋራ ደግ ነገር ነው፤ ጫፉ ሲሳብ 900 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፣ የትም ሆነው እንዴትም ቢስቡት ይነዳል። ሳጥኗ ግን ባለ አመል ናት። ባሕር ዛፍ 130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበቃዋል፣ ጦስኝ ወደ 190 ይፈልጋል፣ ከ230 ካለፈ ግን ቅጠሉ መክሰል ይጀምርና የሸሸሁት ጭስ በሌላ በር ይመጣል። ይህን ሁሉ የሚለካው ምንድን ነው ብላችሁ እንደሆነ፣ ምንም። ቴርሞሜትሯ የእኔ ዓይንና የእኔ ትንፋሽ ነው። ላይተሩን አንድ ጣት ባስጠጋው ይነዳል፤ አንድ ጣት ባርቀው ከእንጨት ውስጥ ባዶ አየር ስስብ እውላለሁ። አንድ ጊዜ ቅንድቤን ለበለበኝ። ግራውን። ለአንድ ወር ያህል ለሰው ሁሉ የምጠራጠር መስዬ ነበር የምታየው።

ባሕር ዛፍ ማለቴን ልብ ብላችኋል? ነገሬ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ ነው። የኮሎራዶ ሕዝብ ካናቢስ ለአዋቂዎች እንዲፈቀድ ድምፅ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ2012 ሲሆን፣ ሱቆቹ በይፋ የተከፈቱት ጥር 1 ቀን 2014 ነው። ከዚያ ወዲህ በዚህ አገር ከእንጨት ሳጥን እንፋሎት እየሳበ «ባሕር ዛፍ ነው» የሚል ሰው፣ ሻሸመኔ የሄድኩት ድንች ልገዛ ነው እንደሚል ሰው ነው የሚታየው። ድንቹ እውነት ሊሆን ይችላል። የሚያምን ግን የለም።

ታክሲ የሚነዳ ጓደኛዬ ሳጥኗን ተቀብሎ አሸተተ፣ መልሶ ሰጠኝ፣ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። «ባሕር ዛፍ ነው፤ ገብቶኛል» አለና ዓይኑን ጠቀሰኝ። በሳምንቱ ጓደኞቻችን ሁሉ ያንን ሌላውን ነገር «ባሕር ዛፍ» ይሉት ጀመር። ለቋንቋው አንድ ቃል አበርክቻለሁ፤ ስሜ ግን አብሮ ሄደ።

ለነገሩ ቅጠል አግሎ ሽታውን መሳብ የማንም አዲስ ግኝት አይደለም። የጥንቱ የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶተስ ስለ እስኩቴሶች ሲጽፍ፣ ድንኳን ተክለው የጋለ ድንጋይ ላይ የካናቢስ ፍሬ እየበተኑ በእንፋሎቱ ደስታ ይጮሁ ነበር ይላል። እኛም ብንሆን ከምኒልክ ዘመን ወዲህ፣ ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ መጥቶ አዲስ አበባን ካለበሳት ጀምሮ፣ ጉንፋን በያዘን ቁጥር ቅጠሉን ድስት ውስጥ አፍልተን ጋቢ ተከናንበን ስንታጠን ኖረናል። ልዩነቱ እስኩቴሶቹ በደስታ ጮኹ፣ እኛ ልጆቹ ደግሞ እናታችን ጋቢውን ከላይ ጥፍር አድርጋ ይዛ «ትንሽ ታገስ!» ስትለን ነው የምንጮኸው። እኔ ለዚያው ነገር የሁለት ሳምንት አስቤዛ የሚሸፍን ገንዘብ ከፈልኩ።

ገንዘቡ ግን ቀላሉ ነው። አሽከርነቱን ማን ነገረኝ?

ቅዳሜ የሳጥኗ ቀን ናት። ጠዋት ቡናዬን ይዤ የማእድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አነጥፍና እበታትናታለሁ። የመስታወት ቱቦዎቹ ሳምንቱን ሙሉ የጠጡት ዘይት ደርቆ ቡናማ ሙጫ ሆኗል፤ እነሱን 91 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮልና ደረቅ ጨው ያለበት ማሰሮ ውስጥ ከትቼ እንደ እርጎ እንጣለሁ። ጨው አልኮል ውስጥ እምብዛም ስለማይሟሟ እንደ አሸዋ ሆኖ ይፈገፍጋል። ወንፊቷን በመቆንጠጫ ይዤ በነበልባል እስክትቀላ አግላታለሁ፤ የያዘችው ሁሉ አመድ ሆኖ ይረግፋል። ከዚያ ላስቲክ ቀለበቶቹ አሉ፤ ከምስር ትንሽ የሚበልጡ፣ ከጣት ሲያመልጡ ደግሞ ሁልጊዜ ፍሪጅ ሥር የሚገቡ። እንጨቱን ግን አልኮል እንዳይነካው። ልባሱን ይገፈዋል። እንጨቱ የሚጠረገው በደረቅ ብሩሽና በጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ ነው፤ በወር አንዴም በንብ ሰምና በማዕድን ዘይት ይታሻል። በሰምና ወርቅ ያደግኩ ሰው እንደመሆኔ ይህቺኛዋ አልጠፋችኝም፤ ሰሙ ከላይ ነው፣ ወርቁ ከእኔ ኪስ ነው የወጣው።

ክረምቱን ባላወራው ይሻላል፤ ግን አወራዋለሁ። የላይተሩ ጋዝ፣ ቡቴን፣ ዜሮ ዲግሪ ግድም ሲደርስ መትነን እንቢ ይላል። ኦሮራ ደግሞ በጥር ከዜሮ በታች 15 መግባት ብርቋ አይደለም። ስለዚህ በረንዳ ላይ ቆሜ ላይተሩን ብብቴ ውስጥ ወሽቄ እንደ ዶሮ እታቀፈዋለሁ። ጎረቤቴ አንድ ቀን በመስኮት አይታኝ ደህና መሆኔን ጠየቀችኝ። «እሳት እያሞቅኩ ነው» አልኳት። ከዚያ ወዲህ በሊፍት ስንገናኝ ስለ አየሩ ሁኔታ ብቻ ነው የምናወራው።

የማዕድን ዘይቱ ነገር ለብቻው ወግ ይወጣዋል። አገር ቤት ቢሆን አናጺ ዘንድ እሄድ ነበር። እዚህ ፋርማሲ ነው የሚሸጠው፤ ያውም የሆድ ድርቀት መድኃኒት የሚደረደርበት መደርደሪያ ላይ፤ ምክንያቱም የተሠራው ለዚያ ነው። እንጨት ላይ የሚወደደው እንደ ምግብ ዘይት ስለማይሸት ነው። አንድ ማክሰኞ ትልቁን ጠርሙስ መርጬ፣ ሁለተኛውንም ለመጠባበቂያ ብዬ ሳነሳ፣ ከኋላዬ «ልጄ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከቤተ ክርስቲያን የምንተዋወቅ እትዬ ናቸው። መደርደሪያውን አዩ። ጠርሙሶቹን አዩ። ቁጥራቸውንም ያዩ መሰለኝ። «ለእንጨት ነው፣ እትዬ» አልኳቸው። ሁኔታዬ እንዲህ የጸና መሆኑን ሲረዱ ፊታቸው በሐዘኔታ ጠቆረ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ኪሎ የተፈጨ ተልባ በላስቲክ ጠቅልለው በእጄ አስያዙኝ። «ሌሊቱን ዘፍዝፈህ ጠዋት በባዶ ሆድ።» እንግዲህ በአንድ ማኅበረሰብ ውስጥ ሁለት ስም ተሸክሜ መኖር ጀመርኩ ማለት ነው፤ ለወጣቶቹ ሱሰኛ፣ ለእናቶቹ ሆዱ የደረቀ።

እናቴ ከአዲስ አበባ ለስድስት ወር የመጣችው በዚህ መሃል ነው። ሁለቱም ስሞቼ ሳይቀድሟት አልቀሩም፤ ሻንጣዋ ውስጥ ከበርበሬና ከሽሮው ጎን ሌላ ሁለት ኪሎ ተልባ ነበር።

ሳጥኗን መጀመሪያ ስታያት ፈገግ አለች። «የአያትህን የሱረት ሙዳይ ትመስላለች» አለችና አገላብጣ አየቻት። ቱቦዎቹ የተዘፈዘፉበትን ማሰሮ ግን አልወደደችውም። ክዳኑን ከፍታ አሸተተች፣ ፊቷን አዞረች፣ «ካቲካላውንም በጨው ነው የምትጠጣው?» አለችኝ። አስረዳኋት። ስለ ግለት፣ ስለ ትነት፣ ስለ ወንፊቱ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ታዲያ መታጠን ነው በለኛ» አለች። «ጋቢ አልነበረህም?»

ያን ጊዜ የካቲት ነበር፤ ማሞቂያው ቀን ከሌሊት ይነዳል፣ የቤቱ አየር ከንፈር ይሰነጥቃል። የኦሮራ ድርቀት ለሰውም ለእንጨትም አይራራም። ከሳጥኗ ክዳን አጠገብ፣ እንጨቱ ዓይን ባለበት ቦታ፣ ፀጉር የመሰለች ስንጥቅ ታየችኝ። በጥፍሬ ዳሰስኳት። በማጉያ መነጽር አየኋት። እራት ላይ ለእናቴ በቁም ነገር ነገርኳትና ወደ ሥራ ወጣሁ፤ ሌሊት ነው የምሠራው።

ጠዋት ስመለስ ሳጥኗ መስኮቱ አጠገብ ነጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጣ ታበራለች። እንደዚያ አምራ አይቻት አላውቅም። የዋልነቱ መስመሮች ጥቁር ቡናማ ሆነው ወጥተዋል፤ ስንጥቋ የለችም። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋት እንቁጣጣሽ ሸተተኝ።

«ቅቤ ቀባኋት» አለች እናቴ። «ደርቃ አንጀቴን በላችኝ።»

ለጋ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው። እሷ የተጠቀመችው በኮረሪማ፣ በኮሰረትና በአብሽ የተነጠረውን ነው፤ «ለጋው ለጭንቅላቴ ነው» አለችኝ። ያውም ላይ ላዩን አልነበረም፤ እንደ ደረቀ ፀጉር ነው የያዘቻት፣ ሥሯ ድረስ። ቅቤ ደግሞ እንጨት ውስጥ ገብቶ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ይሸታል፣ በጋለ ቁጥርም ይቀልጣል። ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ባሕር ዛፍ ስሞላ ዶሮ ወጥ ስስብ ከረምኩ። ጦስኝ ብሞላ ዶሮ ወጥ። ምንም ሳልሞላ፣ ዶሮ ወጥ። ታክሲ ነጂው ጓደኛዬ መጥቶ አንድ ጊዜ ሳበና ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። «ይሄ ባሕር ዛፍስ ከየት ነው የሚመጣው?» አለኝ በመጨረሻ።

እኔ ግን በእነዚያ ሦስት ሳምንታት አንድ ነገር ታዘብኩ። ሳጥኗን በጥጥ እየጠረግኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያልኩ እየፈገፈግኩ፣ መልሼ በሰም እያሸሁ ሳድር፣ መሳቡን ረስቼዋለሁ። ሲጋራውንም። እስቲ አስቡት፦ ሲጋራ አምስት ደቂቃ ነው፤ አውጥቶ፣ ለኩሶ፣ ጨርሶ መጣል። ሳጥኗ ግን ቅጠሉ እስኪደቅ፣ ወንፊቱ እስኪጠረግ፣ ከፍሪጅ ሥር ላስቲኩ እስኪወጣ ግማሽ ሰዓት ትወስዳለች፤ እስከዚያ አምሮቱ ራሱ ተሰላችቶ ይሄዳል። 14 ዓመት ሙሉ በቀን አንድ ፓኮ የጨረስኩትን ሰውዬ ያስተወኝ እንፋሎቱ ሳይሆን ጽዳቱ ነው። ሐኪሜም ቢሆን ስለ እንፋሎቱ ጥሩ ነገር ተናግሮልኝ አያውቅም፤ ሳንባ የተሠራው ለአየር ነው ባይ ነው። ስለ ጽዳቱ ስነግረው ግን መነጽሩን አውልቆ ጻፈው።

እናቴ የወደደችው ሌላ ነው። ቶርች ላይተሩን። ከቅቤው ወዲያ ሳጥኗን ዘወር ብላ አላየቻትም፤ ላይተሩን ግን ከቀሚሷ ኪስ አልለየችውም። የቡና ከሰል በአንድ አፍታ ታቀጣጥልበታለች፣ የዕጣኑን ፍም ትለኩስበታለች፣ የዶሮ ላባ ቅሪት ትለበልብበታለች። ሰማያዊ ነበልባሉ ሽው ሲል «ወይ እሳት!» ትላለች፣ እንደ ሕፃን ደስ ብሏት። ቡቴኑን በሁለት ቀን ትጨርስብኝና «ያንተ ነገር ውኃ አለቀበት» ትለኛለች። የጭስ ማስጠንቀቂያው ሲጮህ እኔ በፎጣ አራግባለሁ፣ እሷ ሁለተኛውን ሲኒ ትቀዳለች።

የምትመለስበት ቀን ዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ ሸኘኋት። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ ሚዛን ላይ አንድም ግራም አልተረፈም። ስንሰነባበት አለቀሰች፣ እኔም ትንሽ። ከፍተሻው ወዲያ ማዶ ሆና ግን የእጅ ቦርሳዋን ከፍተው ሲያነጋግሯት አየሁ። ጨርቅ ተፈታ። ከጨርቁ ውስጥ ሌላ ጨርቅ ተፈታ። ከዚያ ውስጥ ላይተሬ ወጣ። ቶርች ላይተር በእጅም በሻንጣም አውሮፕላን ላይ አይወጣም፤ ይህን ሳልነግራት ቀርቼ አይደለም፤ ይዛው እንደምትሄድ ስላልጠረጠርኩ ነው። ፈታሹ ሳጥን ውስጥ ሲጥለው አንገቷን አስግጋ ተከተለችው፤ ልጇን ስትሰናበት ያላየሁባትን ፊት ያን ጊዜ አየሁባት።

አዲስ አበባ ገብታ በሦስተኛው ቀን ደወለች። በሰላም መግባቷን፣ ቅቤው መወደዱን፣ የጎረቤት ልጅ ማግባቱን ነገረችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እኔ የምልህ፣ ያቺን እሳት በሰው ላክልኝ።»

«በሰውም አትሄድም፣ እማዬ። ይከለክላሉ።»

ዝም አለች። ከበስተጀርባ ከሰል ስታራግብ ይሰማል፤ በሰፌድ።

«ሳጥኗንስ ልላክልሽ?» አልኳት፣ ላጽናናት ብዬ።

«እሷን ምን ላደርጋት? አንተው ጋ ትቀመጥ» አለችኝ። «ስትደርቅ ቅቤ ቀባት።»