የትኛውን 2.5?

«ባለ 2.5 ሽቦ አንድ ጥቅል ስጠኝ።»

«የትኛውን 2.5?»

መርካቶ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ደጃፍ ቆሞ ይህን ያልተጠየቀ ካለ እጁን ያውጣ። ኪሎ ሥጋ የጠየቀን ሰው ልኳንዳ ቤት «የትኛውን ኪሎ?» ብሎት አያውቅም። ሽቦ ላይ ሲደርስ ግን ቁጥርም ደረጃ ይወጣለታል፤ ዋናው 2.5 አለ፣ መካከለኛው 2.5 አለ፣ «አዋጩ» 2.5 አለ። ነጋዴው ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ያስከትላል፦ «ጋሼ፣ ለራስዎ ነው ለሚከራይ?»

ገዢውም ፊቱ ሳይቀላ «ለሚከራይ ነው» ይላል። ስለዚህ አገር ሁሉ ነጋዴውን ሲራገም እኔ አላግዝም። እሱማ ጠየቀ። የሰው ልጅ የሚተኛበትን ግድግዳ በቅናሽ የተዋዋለው መላሹ ነው።

«እኔ በምን አውቃለሁ፣ የሽቦ ሐኪም ነኝ እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ሚዛንስ ታውቃለህ? 2.5 ማለት ሽቦው ሲቆረጥ የሚታየው የመዳቡ ፊት ስፋት ነው፣ በካሬ ሚሊ ሜትር። የመቶ ሜትር ጥቅል ውስጥ 2.2 ኪሎ ገደማ መዳብ መኖር አለበት፤ ከነልባሱ 3 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ሚዛኑ ላይ ጣል አድርገው፤ ሁለት ኪሎ ካለህ ወይ ሜትሩ ተበልቷል ወይ መዳቡ። ጫፉን ደግሞ በምላጭ ፋቅ አድርገው። ከቀዩ ሥር ነጭ ብቅ ካለ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ገዝተሃል። አሉሚኒየም በእኩል ውፍረት የሚያስተላልፈው መዳብ ከሚያስተላልፈው 60 በመቶ ገደማ ነው፤ ዋጋው ላይ ግን ቀለሙ ነው የሚቆጠረው። ዓለም አቀፉ የኬብል ደረጃ፣ አይኢሲ 60228፣ ነገር አያበዛም፦ የ2.5 መዳብ አንድ ኪሎ ሜትሩ፣ በ20 ዲግሪ ሙቀት፣ ተቃውሞው ከ7.41 ኦም አይብለጥ ይላል። «መካከለኛ 7.41» የሚባል አልጻፈም።

«ኧረ ተወን፣ 1.5ም ብትሆን መብራቱ ይበራል!»

ይበራል። ምጣዱስ? 3.5 ኪሎ ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ያንን ሁሉ በ2.5 ፈንታ በ1.5 ብትልከው ሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት በ60 በመቶ ያህል ይጨምራል። አንዷ ተከራይ «ሶኬቱ ይፋጃል» ብላ ብትነግረው አከራይዋ «እየጋገርሽ እንዴት አይሞቅ?» አላት። እሷም «እኔስ የምጋግረው ምጣዱ ላይ ነው፤ እርስዎ ግድግዳው ላይ አክንባሎ የደፉ መሰለኝ» አለችው።

የተጠራው ኤሌክትሪሽያንም ከማን አንሶ!

«ባለ 16ቱ ብሬከር እየወደቀ ስላስቸገራቸው በ32 ቀየርኩላቸው።»

«ሽቦውንስ?»

«ሽቦው ምን አደረገ?»

«ገና ነው።»

ይህ «ለሚከራይ» የሚሉት በሽታ ፎቅም ይወጣል፣ ያውም በአሳንሰር። ሕንጻውን የሠራው ሰው ሌላ ቦታ ነው የሚኖረው፤ አሳንሰሩን የሚመርጠው ሌላ፣ የሚሳፈርበት ሌላ።

ተሳፋሪው ደግሞ የሚፈራውን አያውቅም። ገብቶ ሲያማትብ ሐሳቡ ገመዱ ላይ ነው። ገመዱስ ምን በደለ? የአውሮፓው ኢኤን 81 ደረጃ፣ ካቢኑ በሦስትና ከዚያ በላይ ገመድ ከተንጠለጠለ፣ ገመዶቹ ከሚሸከሙት ቢያንስ 12 እጥፍ እንዲችሉ ያዛል። ያ ሁሉ አልፎ ካቢኑ ቁልቁል ቢፈተለክ ፍጥነት መቆጣጠሪያው ይነቃና፣ ከካቢኑ ጋር ያለው መንጋጋ ሐዲዱን ነክሶ ቀጥ ያደርገዋል። አሜሪካዊው ኤሊሻ ኦቲስ በ1854 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ኤግዚቢሽን ላይ፣ ሕዝብ እያየው፣ የቆመበትን መድረክ ገመድ አስቆርጦ ጥቂት ዝቅ ብሎ ቆሟል። እሱ የቆረጠው ገመድ ነው። የኛዎቹ የሚቆርጡት የጥገና በጀት ነው።

መፈራት ያለበት በሩ ነው። ካቢኑ ሳይኖር የሚከፈት በር፣ በሩ ሳይዘጋ የሚነሳ ካቢን። ደረጃው እዚህ ላይ በሚሊ ሜትር ነው የሚከራከረው፦ የበሩ ቁልፍ ቢያንስ 7 ሚሊ ሜትር ካልገባ ካቢኑ ንቅንቅ አይልም፤ መግባቱንም የኤሌክትሪክ ኮንታክት መመስከር አለበት።

አሁን ወደ አንድ የማውቀው ሕንጻ እንውጣ። የዘጠነኛ ፎቋ እማማ ስድስተኛና ሰባተኛ መካከል ቆመውባቸዋል። ከውጭ የሕንጻው አስተዳዳሪ ይጮሃል።

«እማማ፣ ይረጋጉ! አሳንሰሩ እኮ የአውሮፓ ነው!»

«እሱ የአውሮፓ ይሁን፤ እኔ የጉለሌ ነኝ፣ አውጣኝ!»

«የጥራት ወረቀት አለው!»

«አምጣና በስንጥቁ አሾልክልኝ፣ ላራግብበት።»

«ቢሮ ተቆልፎበታል።»

«እኔም እዚህ ተቆልፎብኛል።»

(የአውሮፓ ነው ማለት ራሱ ምንድን ነው? የአውሮፓ ኅብረት የ2014ቱ የአሳንሰር ሕግ ለበሩ ቁልፍ፣ ለፍጥነት መቆጣጠሪያው፣ ለመንጋጋውና ለታችኛው መቀበያ ለየራሳቸው ማረጋገጫ ይጠይቃል። ሞተሩ ከአንዱ፣ በሩ ከሌላው ተለቃቅሞ የመጣን ዕቃ አንድ ባንዲራ አያለብሰውም። እዚህም ቢሆን ደረጃ የሚያወጣ የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት አለ፤ የሚፈትሽ የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት አለ። የጠፋው «ወረቀቱን ከዕቃው ጋር አስተያዩኝ» የሚል ተከራይ ነው።)

«ከብዶት ይሆናል፤ ስንት ሆናችሁ ነው የገባችሁት?»

«ሰሌዳው ስምንት ሰው፣ 630 ኪሎ ይላል። ስምንት ነን፤ ጤፉን ሰው ካላልከው።»

«እማማ! ኩንታል ጤፍ ይዘው?»

«ጭነት ሲበዛ የሚጮኸው ደወልስ? ዝም አለና ገባን።»

«እሱንማ ሰው ስለረበሸ አጠፋነው።»

«እኔም እየጮህኩ ነው ልጄ፤ እንዳታጠፋኝ።»

ጥበቃው የወጥ ቤት ቢላ ይዞ በሩን ሊፈለቅቅ ሲመጣ፣ ደግነቱ ጠጋኙ ባለ ሦስት ማዕዘን ቁልፉን ይዞ ደረሰ። ካቢኑን ወለል ላይ አስተካክሎ አወጣቸው። እማማ ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ምን ሆኖ ነው?» አሉ።

«የበሩ ኮንታክት ነው፣ እማማ። አሁን ዳይሬክት አድርጌዋለሁ፣ ከእንግዲህ አይቆምም።»

«በሩ ሳይዘጋስ?»

«አይቆምም አልኩዎት እኮ።»

«ዳይሬክት ወዴት ነው፣ ወደ ሰማይ ቤት?» አሉና ወደ አስተዳዳሪው ዞሩ። «በል ግባ፣ አንተው ወደ ቤቴ አድርሰኝ።»

«ኧረ እማማ፣ እኔ መች ፎቅ እወጣለሁ! ቢሮዬ እኮ ምድር ላይ ነው።»

«ግዴለም ልጄ፤ በዚህ አያያዝህ ሁላችንም እዚያው ነን።»