ሁለት ሺህ ዶላር ትርፍ

አሜሪካ ሄጄ ልማር መሆኔን ከተማችን ኮን ውስጥ ፀጉር አስተካካዩ ሳይቀር ያውቃል። መማር ብቻም አይደለም፤ እየተማርኩ በዓመት ሁለት ሺህ ዶላር ይተርፈኛል። ወሬውን ያዛመትኩት እኔው ነኝ።

ሂሳቡ ቀላል ነበር። ኮሌጁ በዓመት 48 ሺህ ዶላር ይጠይቃል። በውጤቴ 20 ሺህ ሰጠኝ፤ የቤተሰቤን አቅም አይቶ ደግሞ 22 ሺህ ጨመረልኝ። የጎደለው 6 ሺህ ነው። እኔ ሰነፍ አይደለሁም፣ ከሁለት ድርጅቶች 5 ሺህና 3 ሺህ አሸነፍኩ። ደመርኩት፤ 50 ሺህ። ገልብጬ ደመርኩት፤ ያው 50 ሺህ። ትርፏን ወዲያው ወደ ብር መንዝሬ ለእናቴ ቤት ቆርቆሮ፣ ለአጎቴ አይሱዙ ጎማ፣ ለራሴ ጫማ ገዛሁባት። ቆርቆሮውና ጎማው በሐሳብ ነው። ጫማው ግን በዱቤ ተገዝቶ እግሬ ላይ ነበር። ስለሚጠበኝ ቀስ ብዬ ነበር የምራመደው፤ ሰው ኩራት መስሎታል። አልተሳሳተም።

ስለ 8 ሺዋ ለኮሌጁ ትንፍሽ አላልኩም። ብልጥ ነኛ! ድርጅቶቹ ግን ገንዘቡን ለእኔ ሳይሆን በቀጥታ ለኮሌጁ ነው የሚልኩት። ደብዳቤያቸው ላይ ተጽፏል። እኔ ያነበብኩት «እንኳን ደስ አለህ» የሚለውን ነው።

ብዙም ሳይቆይ ከኮሌጁ አንድ በጣም ትሁት መልእክት መጣ። ከውጭ 8 ሺህ በማግኘትህ ደስ ብሎናል፤ ስለዚህ ከሰጠንህ 22 ሺህ ላይ 8 ሺህ ቀንሰናል ይላል። የጎደለውስ? 6 ሺህ፣ እንደነበረው። ሁለት ስኮላርሺፕ አሸንፌ የረዳሁት ኮሌጁን ሆነ። ነገሩ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ተማሪ ስላማረረ ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2017 የመንግሥት ኮሌጆቿ እንዲህ እንዳሻቸው እንዳይቀንሱ በሕግ ከልክላለች፤ ከግዛቶቹ የመጀመሪያዋ ናት። የእኔው ኮሌጅ የግል ነው። ሜሪላንድም አይደለም።

ለማን ይነገራል? የዋድላ ቅኔ ቤት ወዳሳደጋቸው ወደ ሰፈራችን የኔታ ሄድኩ። ከት ብለው ሳቁ። «አኮፋዳህን ሞልተህ ደጅ ጠናህ?» አሉኝ። በቆሎ ተማሪነታቸው ዘመን «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለው ሲለምኑ፣ እመቤቲቱ አኮፋዳው ጢም ማለቱን ካየች ቁራሿን ይዛ ትመለሳለች። እሳቸውም ያገኙትን ከቁጥቋጦ ሥር ሸሽገው፣ ባዶ አኮፋዳ አንጠልጥለው ነበር ወደሚቀጥለው ቤት የሚሄዱት።

«የኔታ፣ የእኔን አኮፋዳ የተሸከሙት እኮ ሰጪዎቹ ናቸው» አልኳቸው።

«እንግዲያማ ቅኔው አልገባህም» አሉኝ።

ወልድያ ዩኒቨርሲቲ የገባው ጓደኛዬ በበኩሉ በ1996 ዓ.ም. የተጀመረውን የወጪ መጋራት ውል ፈርሞ፣ «ሥራ ስይዝ ከደመወዜ ይቆረጣል» ብሎ ዶርሙ ውስጥ ለጥ ብሎ ተኝቷል። እኔ ትርፌን ስቆጥር እሱ ሁለተኛ ዓመት ደረሰ።

በመጨረሻ አፍሬም ቢሆን ኮሌጁን ጠየቅኩ። መጠየቅ ይቻላል ለካ! የቢሮዋ ሴትዮ መልስ ዛሬም ያንገበግበኛል፦ ቀድመህ ብትነግረን የውጭው ገንዘብ መጀመሪያ የጎደለውን እንዲሞላ እናደርግ ነበር፤ ወይም ሰጪዎቹ ለመጽሐፍና ለላፕቶፕ እንዲያደርጉልህ፣ ካልሆነም ለሚቀጥለው ዓመት እንዲያቆዩልህ ትጠይቃቸው ነበር። ለምኜ ለምኜ 3 ሺዋ ጉድለቱ ላይ ዋለችልኝ። የቀረው 3 ሺህ ባንክ መኖሩ ካልታየ ለቪዛ የሚያስፈልገው አይ-20 የሚባለው ወረቀት አይሰጥም። የባንክ ደብተሩን ያሳየልኝ አጎቴ ነው፤ ያ ጎማ ቃል የገባሁለት። አይሱዙው አሁንም ጋሸና ወልድያ የሚመላለሰው በላጣ ጎማ ነው።

ፌስቡክ ላይ «የ50 ሺህ ዶላር ስኮላርሺፕ አሸናፊ» ብዬ የለጠፍኩትን አላጠፋሁትም። በቀደም አንድ የማላውቀው ልጅ «ወንድሜ፣ እንዴት እንደተሳካልህ ምከረኝ» ብሎ ጻፈልኝ።

ረጅም ምክር ሰጠሁት።